ወንድሜ ያስቆመው ልምምድ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ጂን አለ፣ ቁርአን ላይ ስላለ አልክድም፣ ግን እከሌን ጂን በሩን አንኳኳበት፣ እከሊትን ከወንዝ ዳር በስሟ ጠራት ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ፣ እኔ ራሴ ቦርከና ዳር ተወልጄ አድጌ አንድም ቀን የጠራኝ የለም። ጂን የከሚሴን ሙቀት ችሎ የሚቀመጠው ምን ፈልጎ ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። አሁን አልቀልድም። ደግሞ ይሄ ጨለማ ውስጥ የሆነ ነገር አይደለም፣ የኔ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ባለበት። እነሱም ሰምተዋል። ዛሬ ከነሱ መሃል አልሰማንም የሚሉ አሉ፣ አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብችል እንደዚያ ብል ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድሜ ኢብራሂም ከሚሴ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቪክስ ያስተምር ነበር፣ ሙዚቃው ክበብ ነው፣ ደመወዝ የለውም። ሌላው ሰው የሙዚቃ ክበብ የሚለውን እሱ ግን ኦርኬስትራ ነበር የሚለው። ስድስት ክራር፣ ሁለት ማሲንቆ፣ ሦስት ዋሽንት፣ ከበሮ፣ አንድ ትራምፔት፣ ሦስት ቁልፎቹ የማይሰሙ አንድ ኪቦርድ፣ በቃ ይሄ ነው። ባጃጅ ተራ ሲያልፍ ይተርቡታል፣ «ኢብሮ፣ ኦርኬስትራህ የኔን ሰርግ ይችለዋል?» ይሉታል፣ «ሰርግህንስ ይችለው ነበር፣ አንተን የምትችል ሴት ጠፋች እንጂ» ይላቸውና ያልፋል። እንዲህ ነበር። ሳቂታ ነበር። ለኔ አባትም ወንድምም ነበር፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ደብተርና ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው።

የሞተው በወባ ነው። እዚህ አገር ወባን ማን ይፈራል፣ ሁላችንም ስንት ጊዜ ታመን ድነናል፣ እሱም ነገ እነሳለሁ እያለ ነበር የተኛው፣ አልተነሳም። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም፣ ልለፈው።

ለቅሶ ላይ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ሁሴን፣ እንግዲህ ልጆቹን አንተ ነህ የምትይዛቸው» አለኝ። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ የአጎቴን ባጃጅ የምነዳ ሰው ነኝ፣ ከበሮ ትንሽ እመታለሁ እንጂ ሙዚቃ አላውቅም፣ ይሄንኑ ነገርኩት። «ደሙ አይደለህ? ከአንተ በላይ የሱን ሥራ ማን ያውቃል?» አለ። በአጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌዎችም እውነት ነው፣ የወንድሙን ቦታ ወንድም ነው የሚይዘው አሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፣ የሟች መሬት፣ የሟች ሱቅ፣ የሟች ዕድር ሁሉ ለወንድም ነው፣ ኦርኬስትራም እንደዚያው መሰላቸው። እኔም እሺ አልኩ።

ለምን እሺ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ኢብራሂም ለትምህርት መዝጊያው በዓል ብሎ በባቲ ቅኝት የሠራው አንድ ረጅም ሥራ ነበር፣ የትም አልጻፈውም፣ ኖታ አያውቅም፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን ድርሻ በጆሮው እያንጎራጎረ ነው ያስያዘው፣ የአንዱን ሌላው እንዲነካበት አይፈቅድም። ስለዚህ ሥራው ያለው በልጆቹ ጣት ላይ ብቻ ነው፣ ከነሱ አብዛኞቹ ደግሞ አስራ ሁለተኛ ናቸው፣ ከመዝጊያው በኋላ ይበተናሉ፣ ከተበተኑ በኋላ የወንድሜ ሥራ የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሰምቼው አላውቅም። ምሳውን ይዤለት በሄድኩ ቁጥር እረፍት ላይ ነበሩ። አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ልስማው ብዬ ነው እሺ ያልኩት።

እናቴ አልወደደችውም። «ዱዓ አርግለት፣ ሰደቃ አውጣለት፣ ክራር ቀብር ውስጥ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። 

የመጀመሪያው ቀን ስገባ አንድም ልጅ አልተነሳም። መዲና የምትባል ልጅ አለች፣ መሪ ክራር የምትጫወተው እሷ ናት፣ ዓይኗን ከክራሩ ሳታነሳ «ቲቸር ልንልህ ነው?» አለችኝ።

«ሁሴን በሉኝ።»

«ሁሴንማ የባጃጅ ሹፌር ነው» አለች፣ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ትራምፔት የሚነፋው ብሩክ የሚባለው ልጅ ደግሞ፣ ለማስጀመር እጄን ባነሳሁ ቁጥር «ወራጅ አለ!» ይላል፣ ሁሉም ሳቅ በሳቅ ይሆናል። ከፊታቸው የወንድሜ ክራር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ ከስሩ ቆሜያለሁ፣ ሳቁ ሲያልቅ ሁሉም ክራሩን ያዩና ከዚያ እኔን ያያሉ፣ እመኑኝ ያ አስተያየት ከሳቁ ይብሳል። ታገሥኩ። የራሳቸው ሐዘን ነው ብዬ።

ትንንሹ ነገር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አመሻሽ ላይ ቃኝተን የተውነው ክራር በማግስቱ ስንመጣ ተፈትቷል፣ ያውም ሁሉም፣ ስድስቱም። ቁልፉ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው። ሙቀት ነው አልኩ፣ ቆርቆሮ ቤት ነው፣ ጅማት በሙቀት ይለቃል። ከዚያ ወንበሮቹ፣ በክብ ያስቀመጥናቸው፣ ጀርባቸውን እኔ ወደምቆምበት አዙረው አገኘናቸው። ጥበቃው ሲጠርግ ነው አልኩ። ጥበቃውን ጠየቅኩት፣ «አካም ጂርታ፣ ሁሴኔ» ብሎ ሰላም አለኝና «እኔ እዚያ ክፍል ኢብራሂም ከሞተ ወዲህ ገብቼ አላውቅም» አለኝ። እሺ፣ ልጆቹ ናቸው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ቅዳሜ ሆነ። ክራሮቹን ለብቻ፣ ዋሽንቶቹን ለብቻ አስጠንተን ጨርሰን ስለነበር በዚያ ቀን ሁሉንም በአንድ ላይ እናስሄደዋለን ተባባልን። መብራት ጠፍቷል፣ ኪቦርዱ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ውጪ የኒም ዛፉ ላይ ቅጠል አይንቀሳቀስም። እጄን አነሳሁ፣ ብሩክ እንኳ ወራጅ አለ አላለም። ጀመሩ። መዲና ብቻዋን ገባች፣ ማሲንቆዎቹ ተከተሏት፣ ከዚያ ከበሮው ቀስ ብሎ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ የኢብራሂምን አረማመድ ነው የሰማሁት፣ ግቢ ሲገባ የሚሰማውን።  ዋሽንቶቹ ሊገቡ ሲሉ፣

ኳ፣ ኳ።

ሁሉም ቆመ። አንድ ላይ፣ በቢላ እንደተቆረጠ። ኢብራሂም ልምምድ የሚያስቆመው እንደዚያ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፣ በቀለበቱ ጥቁር ሰሌዳውን ሁለቴ ያንኳኳል፣ ልጆቹ እጃቸው ለምዶታል፣ ሳያስቡት ነው የቆሙት።

«ማን ነው?» አልኩ።  «ብሩክ!»

«እኔ ምን አደረግኩ? ትራምፔቱ አፌ ላይ ነው እኮ፣ በምኔ ላንኳኳ፣ በእግሬ?» አለ፣ ግን የሳቀ የለም።

እንደገና አልኩ። እንደገና ጀመሩ፣ ያ ቦታ ሳይደርሱ፣ ማሲንቆዎቹ እንደገቡ፣ ኳ፣ ኳ። የብር ቀለበት ድምፅ ነው፣ በእጅ አንጓ የተመታ አይደለም፣ ቀጭን ነው። ቀለበቱን እናቴ ከመገነዙ በፊት አውልቃ በሻሿ ጫፍ ቋጥራዋለች፣ ዛሬም እዚያው ነው ያለው። ከልጆቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ አንዱ ልጅ «አዑዙ ቢላህ» ይላል፣ ብሩክ አማተበ። እኔ ግን ፈራሁ አልልም፣ ወላሂ ተናደድኩ፣ ከገባሁ ጀምሮ ሲንቁኝ የከረሙት ልጆች የወንድሜን ሞት መጫወቻ ያደረጉት መሰለኝ። ሄጄ ጀርባዬን ሰሌዳው ላይ አስደገፍኩ፣ ከኋላዬ ማንም እንዳይኖር። «አሁን ያንኳኳ እጁን አየዋለሁ፣ ጀምሩ» አልኩ።

መዲና አልጀመረችም። «ተወው፣ ሁሴን» አለች።

«ጀምሪ ብያለሁ!»

ጣቷን ጅማቱ ላይ አኖረች። አንድ ድምፅ፣ ሁለት ድምፅ። ከዚያ ከጆሮዬ ጎን፣ ጭንቅላቴ ከተደገፈበት ሰሌዳ ላይ፣ ኳ፣ ኳ፣ በኃይል፣ ሰሌዳው አናቴን እስኪመታኝ። የጠመኔ ብናኝ ትከሻዬ ላይ ወረደ። ልጆቹ ሁሉ እያዩኝ ነው፣ የአንዳቸውም እጅ አልተንቀሳቀሰም፣ አይቻለሁ፣ ሁሉንም እጆች አይቻለሁ። ዘወር ስል የወንድሜ ክራር መቃኛዎች ሲዞሩ አየሁ። ንፋስ የለም። አንደኛው ቀስ ብሎ ዞረ፣ ጅማቱ ረገበ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ያለው፣ ተራ በተራ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ እንደሚል ሰው፣ ሳይቸኩል።

«ኢብሮ» አልኩ፣ ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ኢብሮ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ሁሴን ነኝ።»

ይሄን ስል ክራሩ ከሚስማሩ ወርዶ እግሬ ሥር ወደቀ። ወደቀ ስል ግን ተወረወረ ማለቴ ነው፣ ግድግዳው ሥር ቢሆን ወደቀ ነበር የምለው፣ እሱ ግን ወደኔ ነው የመጣው፣ የቁርጭምጭሚቴን ቆዳ ገሽልጦታል፣ ጠባሳው አለ።

መዲና ተነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግን ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ሁሴን፣ ባኢ» አለችኝ በኦሮምኛ፣ ከዚያ እንዳልሰማሁ መስሏት በአማርኛ ደገመችው፣ «ውጣ። ባክህ ውጣ።»

ወጣሁ። ኒሙ ሥር ሄጄ ቆምኩ፣ እግሬ ይደማል። ውስጥ እንደገና ጀመሩ፣ ማን እንዳስጀመራቸው አላውቅም። መዲና ገባች፣ ማሲንቆው ገባ፣ ከበሮው ገባ፣ ዋሽንቶቹ ገቡ፣ ያ ቦታ አለፈ፣ ማንም አላንኳኳም። ከርቀት ስለሆነ ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከመስኮቱ ሥር ስደርስ፣ ኳ፣ ኳ። ጸጥ።

ልምምዱ ሲበተን መዲናን ጠብቄ ያዝኳት። ሌሎቹ እኔን ላለማየት በሌላ በር ወጡ።

«የምታውቂው ነገር አለ» አልኳት።

«ምን አውቃለሁ።»

«መዲና፣ ወንድሜ ነው።»

ክራሯን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አቆመችው። «ድሮም እንዲህ ነበር» አለች። «ምሳ ዕቃህን ይዘህ በኒሙ ሥር ስትመጣ በመስኮት ያይህና ያንኳኳል፣ እናቆማለን። ምሳውን ተቀብሎህ እስክትሄድ ማንም ጅማት አይነካም። በር እስክትወጣ ድረስ ያይሃል፣ ከዚያ ቀጥሉ ይለናል።»

ያ ሁሉ እረፍት። እዚያ ቆሜ አንድ በአንድ አስታወስኳቸው፣ የምገባው፣ ሁሉም ዝም ብለው የሚያዩኝ፣ እሱ ፈገግ ብሎ ምሳውን የሚቀበለኝ፣ «ሂድ በቃ፣ ፀሐይ ይመታሃል» የሚለኝ።

«ለምን?»

«አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ። ‹እሱ አይስማው› አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም።»

«ምናልባት ሲያልቅ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ ይሆናላ። ስጦታ ይሆናል።»

መዲና አየችኝ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐዘኔታ አየችኝ፣ ይሄ ደግሞ ከንቀቷ ባሰብኝ። «ሲለኝ ፊቱን አይቼዋለሁ» አለች። «ስጦታ የሚሰጥ ሰው ፊት አይደለም።» ከዚያ ክራሯን አንስታ ሄደች።

ያን ሰሞን ብዙ አሰብኩ። መጀመሪያ እናቴ እውነቷን ነው አልኩ፣ ለሟች ሙዚቃ አይበጀውም፣ ተዉ እያለን ነው አልኩ፣ ይሄ ደስ ባይልም የሚያጽናና ነገር አለው፣ ሁላችንንም ነው ማለት ነው። ግን ልጆቹ እኔ በሌለሁበት በየቀኑ ይለማመዱ ነበር፣ መዲና እየመራቻቸው፣ አንድም ነገር አልተሰማም፣ ክራሮቹም አልተፈቱም። ስለዚህ ሙዚቃውን አይደለም። እኔን ነው።

የመዝጊያው ቀን ላለመሄድ ወስኜ ነበር፣ ግን ሰው ነኝ፣ አልቻልኩም። ባጃጇን ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ አስፋልቱ ዳር አቆምኩና ውስጧ ተቀመጥኩ። ንግግር ተደረገ፣ ሽልማት ተሰጠ፣ ከዚያ የወንድሜ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣ ሰው አጨበጨበ። ጀመሩ። አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው መኪና ድምፅ እየሸፈነብኝ ነው፣ ወረድኩ፣ አስፋልቱን ተሻገርኩ፣ አጥሩን በእጄ እንደያዝኩ ሙዚቃው ቆመ። ሰዉ ሲያጉረመርም ይሰማኛል፣ አንዱ «መብራት ነው?» ይላል። ተመለስኩ፣ ባጃጇ ጋ ስደርስ ጀመሩ፣ ከመጀመሪያው። አሁንም ተሻገርኩ፣ አሁንም ቆመ። በዚህኛው ጊዜ ሰዉ ሳቀ፣ አንድ ጎረምሳ ያፏጫል። በአጥሩ ቀዳዳ መዲና ታየችኝ፣ መድረኩ ላይ ቆማ ዓይኗ የበዓሉን ሰው አልፎ አጥር ለአጥር ይፈልጋል፣ እኔን ነው የምትፈልገው። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዕድሉ፣ በማግስቱ ይበተናሉ። እኔ እዚያ ከቆምኩ የወንድሜ ሥራ በፉጨት ነው የሚያልቀው።

ባጃጇን አስነሳሁ። በጨፋ ሮቢት መንገድ ወረድኩ፣ የሞተሩ ድምፅ ሁሉን እስኪውጠው። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ፣ ጫንኳቸው። «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ፣ «አቧራ ነው አባባ» አልኳቸው። ሮቢት ድረስ አደረስኳቸውና እዚያው ገበያው ዳር ፀሐይ እስክትወርድ ተቀመጥኩ። ስመለስ ሥራው እስከ መጨረሻው እንደሄደ፣ ሰው ቆሞ እንዳጨበጨበ፣ ምክትሉ እንዳለቀሰ ነገሩኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት፣ ግን ልብ ደግሞ ብዙ ክፍል አለው።

ብሩክ በስልኩ ቀድቶት ኖሮ በቴሌግራም ላከልኝ። አልከፈትኩትም። እናቴ ሰማች፣ ያቺ «ክራር ምን ያደርግለታል» ያለች እናቴ «የልጄን ሥራ አሰማኝ» አለች። ካርድ የለኝም አልኳት፣ በማግስቱም፣ ሌላም ቀን፣ መጨረሻ ላይ ውሸቴ አለቀ። ከፍቼ፣ እንዴት እንደሚነካ አሳይቼ ሰጠኋትና እኔ ከቤት ወጥቼ አስፋልቱ ድረስ ወረድኩ። ሰምታ ስትጨርስ በር ላይ ወጥታ ጠራችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየምሽቱ ከመግሪብ በኋላ እንዲሁ ነው፣ እሷ ስልኩን ትወስዳለች፣ እኔ እወጣለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳት፣ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

ትናንት ግን በር ላይ ስትወጣ አልጠራችኝም። ቆማ ስታየኝ ቆየች፣ እኔም ወደ ቤት መጣሁ። ስልኩን ዘረጋችልኝ፣ ስቀበላት እጇን አላላችም፣ ያዝ አድርጋኝ ፊቴን ታየዋለች፣ እናቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፣ ጎረቤት የሰውን ልጅ እንደሚያይ ነው።

«ሁሴን» አለችኝ። «ወንድምህን ምን አድርገኸው ነው?»

ምንም። ወላሂ ምንም፣ ስንት ጊዜ ከልጅነታችን ጀምሬ አንድ በአንድ ፈትሼዋለሁ፣ ምንም አላገኘሁም።  ስልኩን ተቀብዬ ገባሁና ቻርጅ ላይ ሰካሁት።